ሺህ ስድስት መቶ መርፌ ቁልፍ

ጸሐፊዋን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ነጠላ ሰረዝ» እያለ ይጠራታል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ዞር ስትል ነው እንጂ። እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም በልቧ ትኮራበታለች። የሠፈሩ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እሷ በቀይ እስክሪብቶ ሳትዳብሰው ከቢሮው የወጣ ወረቀት የለም። አንድ ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ሰብሳቢ ከበላዮቹ ጋር ተኳርፎ የጻፈውን የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ ሥርዓተ ነጥቡ ልክ አይደለም ብላ ሦስት ጊዜ መልሳበታለች። በአራተኛው ንዴቱ በረደለትና ሥራውን ቀጠለ። እስከ ዛሬም አላመሰገናትም።

እንግዲህ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ያን ሁሉ ጉድ ያፈላችው ይህችው ሴት ናት።

ነገሩን ከአክስቷ መጀመር ይሻላል። ጸሐፊዋን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስቲቱ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስና ስታጥፍ ኖራለች። አንሶላ ብቻ አይደለም፤ ጋውን፣ የትራስ ልብስ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ የሁሉም ጠርዝ ላይ የክፍሉን ቁጥር በማይለቅ ቀለም የምትጽፈው እሷ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ሰጣት፤ ሲሚንቶው ደግሞ የግራ ጉልበቷን ይዞ ቀረ። ባለፈው ወር ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ እያየ፣ ጉልበቱ መቀየር እንዳለበት ነገራት። «በሚቀጥለው ወር እንቀይረዋለን። ከዚያ በኋላ እንደ ልብዎ ይራመዳሉ። ሩጫን ግን ይርሱት» አላት።

አክስቷ ከሕፃንነቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ አውቶቡስ ሲያመልጣት እንኳ ቆማ የምትሳደብ ሴት ናት። ይህንን ስትሰማ ግን አንድ ነገር ሆድ ሆዷን በላት። «ሳልረሳው አንድ ጊዜ ብሮጥስ?» ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ ሳቀና «ለሚጣል ጉልበት ብዙም አልሳሳም፤ ቀስ ብለው ከሆነ ይሁን» አላት። በዚያው ቀን ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጥታ የእህቷ ልጅ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«መዝግቢኝ» አለቻት።

«ምን ላይ ነው የምመዘግብሽ?»

«የጎዳናው ሩጫ ላይ ነዋ! ከስድሳ ዓመት በላይ ሴቶች የሚል አይቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።»

«አክስቴ፣ አምስት ኪሎ ሜትር እኮ ነው!»

«ማንበብ እችላለሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው አንሶላ ላይ ቁጥር ስጽፍ ኖርኩ፤ አሁን እስቲ አንድ ጊዜ እኔ ላይ ይለጠፍ። ይኸው ነው።»

ጸሐፊዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ አኮረፈቻት። አክስቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በየጠዋቱ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ትዞራለች፤ መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ስምንት። በስተመጨረሻ ጸሐፊዋ ተሸንፋ መዝገቡ ላይ ሦስት መቶ ዘጠና አንደኛ አድርጋ አስገባቻት። ቀዶ ጥገናው ከሩጫው አሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ሩጫው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አክስቷ የምትሮጥበት ቀን በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነው፤ እሱም ያ እሑድ ነው።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ከፍታ ገባች። አራት መቶ የደረት ቁጥር በተራ ተደርድሯል። አጠገቡ መርፌ ቁልፍ የያዘው ሳጥን አለ፤ ለአንድ ሯጭ አራት፣ ለአራት መቶ ሯጭ ሺህ ስድስት መቶ። ሳጥኑ ዓርብ ዕለት ሲመጣ ነቅነቅ አድርጋ ሲንሿሿላት ሳትከፍተው ነበር ፈርማ የተረከበችው። አሁን ማሸጊያውን ቀደደችው።

ከላይ ትንንሽ የወረቀት ፓኬቶች አሉ። አንዱን ከፈተች፤ የልብስ ስፌት መርፌ። ሌላውን ከፈተች፤ የልብስ ስፌት መርፌ። ሥር ደግሞ በላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ ቡናማ፣ ባለ አራት ቀዳዳ የካፖርት ቁልፍ ተቀምጧል። ሳጥኑ ጎን ላይ የእሷው የትዕዛዝ ደብዳቤ ቅጂ ተጣብቋል። እንዲህ ይላል፦ «መርፌ፣ ቁልፍ — 1600 ፍሬ።»

 ነጠላ ሰረዟ እዚያ ናት፤ ልክ በቦታዋ፣ ጥርት ብላ፣ ማንም ሊክዳት በማይችል የጽሕፈት ቤቱ ማተሚያ። ምስኪኑ ዕቃ አቅራቢ ሥርዓተ ነጥብ የሚያከብር ሰው ኖሮ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው የታዘዝኩት ብሎ በሐቅ እኩል ከፍሎታል፤ ስምንት መቶ መርፌ፣ ስምንት መቶ ቁልፍ። አንድ እንኳ አላጎደለም። ጸሐፊዋ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ በሕይወቷ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ሰብሳቢው የስፖርት ቱታውን ለብሶ እያፏጨ መጣ። ሰብሳቢው የድሮ እግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ ዛሬ አርአያ ለመሆን ራሱ ይሮጣል። ሳጥኑን ሲያይ ፉጨቱ አፉ ላይ ደረቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መርፌና ቁልፍ» አለች ጸሐፊዋ።

«አቅራቢው! አቅራቢው ጉድ ሠራን! መርፌ ቁልፍ ስንለው መርፌና ቁልፍ? ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው? ነገውኑ እከሰዋለሁ!»

ይሄኔ «የለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረባት። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ስህተት ስትለቅም የኖረች ምላስ የራሷን ማውጣት አቃታት። ደብዳቤውን ከሳጥኑ ላይ ቀስ ብላ ላጠችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ይህን ያደረገችው ጸሐፊዋ ናት፤ እኔ ምን ላድርግ፣ የሆነውን ነው የማወራው።

ሩጫው አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ትራፊኮች መንገዱን የሚዘጉት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ሱቆች እሑድ ጠዋት ዝግ ናቸው፤ የተከፈተው አንድ ሱቅ ደግሞ የነበረው አሥራ ሁለት መርፌ ቁልፍ ብቻ ነበር። ከላይ የተላከው ዳኛ፣ ባጁን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣ ቀጭን ሰው፣ ነገሩን ሰምቶ «ቁጥር ያልተያያዘለት ሯጭ አይመዘገብም» ብሎ እጁን አጣመረ።

መጀመሪያ መላ ያመጣው ልብስ ሰፊው ነው፤ እሱም ሯጭ ነው። «መርፌ ስምንት መቶ አለ፣ ክር እኔ ጋ አለ። ምን ያስጨንቃችኋል? እሰፋዋለሁ!» አለ። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ያንን ደረተ ሰፊ ሰው፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ሹራቡ ላይ መስፋት ጀመረ። ጋጋሪው ገላው ሲነካ ቶሎ ይኮረኮራል፤ መርፌው በቀረበ ቁጥር እየተንፈራፈረ ይስቃል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጥሶ ሊነሳ ሲል አልተነሳም። የገዛ እጅጌውን ከጋጋሪው ሹራብ ጋር አብሮ ሰፍቶታል። ሁለቱ ተያይዘው መቀስ ፍለጋ ሲሄዱ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ፤ ሰብሳቢው ብቻ ሰዓቱን እያየ ፊቱን ያጨማድዳል።

ይኼኔ ድምፅ ማጉያውን የያዙት ጡረተኛው የታሪክ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህሩ ማይክ ከጨበጡ ወዲያ ማስለቀቅ ከባድ ነው፤ የዚያን ቀን ግን እግዜር ይስጣቸው።

«ወገኖቼ! መርፌ ቁልፍ የሌለው ቤት የለም! መሳቢያችሁን፣ መጋረጃችሁን፣ ቦርሳችሁን ፈትሹ! እየሮጣችሁ ሂዱ፤ ማሟሟቂያ ይሆናችኋል!»

ሕዝቡ በየአቅጣጫው እግሬ አውጪኝ አለ። ጸሐፊዋ ባዶ የጫማ ሳጥን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መመለስ ጀመሩ።

አንዷ ከመጋረጃዋ ጫፍ ስድስት ነቅላ መጣች፤ መጋረጃውን ካሳጠረችው አራት ዓመቷ ነው፤ እሰፋዋለሁ እያለች። አንዱ የቁምጣ ላስቲክ ማስገቢያውን አመጣ፤ ጫፉ ላይ ላስቲኩ ገና አልወለቀም ነበር። የመንትዮች እናት ከሕፃኖቿ መጠቅለያ ላይ ራሳቸው ሰማያዊ የሆኑ አራት አመጣች፤ «ቶሎ ሩጡና መልሱልኝ፤ ልጆቹ ጊዜ አይሰጡም» አለች። የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤቷ ከፎጣዎቿ ላይ፣ ፖስታ አመላላሹ ከቦርሳው ማንገቻ ላይ፣ የመዋዕለ ሕፃናቷ አስተማሪ የልጆቹን ስም ከምታያይዝበት ጣሳ ውስጥ መቶ አርባ በአንድ ጊዜ። አንድ ብቻውን የሚኖር መካኒክ ካልሲዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዳይጠፋፉ የሚያያይዝባቸውን ሃያ ሁለት አመጣ፤ ይህን የሰሙ ሴቶች በሙሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየውን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት።

መምህሩ ማይኩን አልለቀቁም። «ይህችን የያዛችኋትን እንዳትንቋት! ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ካባቸውን ትከሻቸው ላይ በነሐስ በተሠራች እህቷ ይሰኩ ነበር። ሠርገኛውም፣ ሟቹም በእሷ ነው የተከበረው። ከዚያ ተረሳች። ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት አንድ መካኒክ አንዲት ቁራጭ ሽቦ በጣቱ ሲያጠማዝዝ፣ ሲያጠማዝዝ... እታች አንድ ዙር ጠመዘዘና እስፕሪንግ አደረጋት፣ እላይ ጫፏ እንዳይወጋ ቆብ አደረገላት። በቃ! መብቱን በትንሽ ገንዘብ ሸጦ ሄደ። ባለፋብሪካው ከበረ፣ እሱ ሌላ ሽቦ ሊያጠማዝዝ ቤቱ ገባ!»

«መምህር፣ ስንት ደረሰ?» ይላል ሰብሳቢው።

«እመጣለሁ፣ አሁን ስለ ቆቡ ልንገራችሁ...»

ጸሐፊዋ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ቤት ቢበረበር፣ ጣሳ ቢገለበጥ ሺህ ስድስት መቶ አይሞላም። የሩጫውን መመሪያ ከሥር ከሥር ስታነብ ቆይታ ዳኛው ዘንድ ሄደች።

«እዚህ ላይ አራት የሚል ቃል የለም» አለችው። «‹ቁጥሩ ደረት ላይ ከላይ እና ከታች በሚገባ ይያያዛል› ነው የሚለው። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ሁለት ነው።»

ዳኛው አነበበ። ደግሞ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበ። «ሁለት ነው» አለ ቅር እያለው።

ስምንት መቶ ብቻ! ጸሐፊዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መዋጮው ቆመ። ሰብሳቢውና እሷ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቆጠሩት። ዝገቱ፣ ቆልማማው፣ ጣት የምታህለው፣ ጥፍር የማታክለው፣ ሁሉም ተቆጠረ። ሰባት መቶ ሰባ ሁለት። ሃያ ስምንት ጎደለ።

«ለሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው ይበቃል» አለ ሰብሳቢው፤ ሒሳብ ላይ ፈጣን ነው። «በቃ፣ ተገላገልን! አሥራ አራቱ ይቅሩ። መጨረሻ የተመዘገቡት እነማን ናቸው?»

ጸሐፊዋ መዝገቡን ማየት አላስፈለጋትም። ከሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት እስከ አራት መቶ። ከስድሳ ዓመት በላይ ሴቶች።

«እነሱማ መቼም መራመዳቸው ነው» አለ ሰብሳቢው፣ ክፋት ሳይኖረው፣ ዝም ብሎ እንደ ወንበር ማሸጋሸግ አድርጎ። «ቁጥር ባይኖራቸውስ? ዳር ዳሩን ይራመዱ፤ እናጨበጭብላቸዋለን። ንገሪያቸው።»

አሥራ አራቱ ሴቶች ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። አክስቷ ከመሃል ናት። አዲስ ነጭ ካኔቴራ ለብሳለች፤ ማታውን ራሷ ተኩሳዋለች፤ የእጅጌው መስመር እስከ አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። የጉልበት ማሰሪያዋን ከሱሪዋ በላይ አጥልቃዋለች። የእህቷ ልጅ ስትመጣ አይታ ደረቷን ነፋ አደረገች፤ ቁጥሩ እንዲለጠፍላት።

ጸሐፊዋ ፊቷ ቆመች። 

«ምነው?» አለች አክስቷ።

«መርፌ ቁልፍ አልበቃም።»

አክስቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። የነፋችውን ደረት ቀስ ብላ መለሰችና ካኔቴራዋን በመዳፏ ዳበሰችው። «ይሁን እንግዲህ» አለች። «አንቺ ምን ታደርጊ? ያጠፋው አቅራቢው ነው አሉ።»

ጸሐፊዋ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም። ዞር ብላ በረጃጅም እርምጃ ሜዳውን አቋርጣ፣ መምህሩ የቆቡ ታሪክ ላይ እንዳሉ ማይኩን ከእጃቸው ወሰደችው። ማይኩን ከሳቸው እጅ የወሰደ ሰው ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

«ስሙኝ» አለች። ድምፅ ማጉያው ጮኸባትና ራቅ አደረገችው። «አቅራቢው ምንም አላጠፋም። ትዕዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መርፌና ቁልፍ መሃል ነጠላ ሰረዝ አስገባሁ። ሰውየው በጻፍኩለት መሠረት ነው የላከው። ሳጥኑንም ሳልከፍት ፈረምኩ። ጠዋት ደግሞ ደብዳቤውን ኪሴ ደበቅኩ። ይኸው።» ደብዳቤውን አውጥታ ከፍ አደረገችው።

 ከዚያ ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች መሃል አንዱ ራሱን መግዛት አቅቶት «ነጠላ ሰረዝ ነጠላ ሰረዝ አስገባች!» ብሎ ጮኸ። ሠራተኞቹ በሙሉ ተንከተከቱ፤ ቅጽል ስሙ ላልገባቸው አጠገባቸው ያሉት አስረዷቸው፤ ሳቁ እንደገና ከዚያ ጫፍ ተነሳ። ጸሐፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ነገር ግን መሬት ዝም አለች፤ ጥቂት ቆይቶም የገዛ ሆዷ ሲንቀጠቀጥ ተሰማትና እሷም ሳቀች። ከዚህ በፊት ስትስቅ ያላዩዋት ብዙ ነበሩ።

«እሺ፣ ሳቁብኝ፤ ይገባኛል» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ግን ሃያ ስምንት ይጎድለናል፣ በዚህ ምክንያት እነዚያ ሴቶች ሊቀሩ ነው። አንዷ አክስቴ ናት። ከዛሬ በኋላ መሮጥ አይፈቀድላትም። ቤታችሁ ያለውን ሰጥታችኋል። ገላችሁ ላይ የቀረ እንዳለ ግን አውቃለሁ፤ እኔም አለኝ።» ከዚያ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ፣ ዚፑ ከተበላሸ ወር ያለፈውን ጉርድ ቀሚሷን የያዘችውን መርፌ ቁልፍ ነቀለችና ጃኬቷን ወገቧ ላይ አሰረችበት። «አንድ!» አለች።

ሰው ሁሉ መተፋፈር ጀመረ። ከዚያ ሰዓት ሠሪው የመነጽሩን ማጠፊያ በምስማር ፈንታ የያዘችውን ትንሿን አወለቀ፤ መነጽሩ አንድ ጆሮ ቀረው። አንዲት ወጣት ከሸበጧ ማሰሪያ ነቅላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቀረች። ልብስ ሰፊው፣ አዎ ራሱ ልብስ ሰፊው፣ ሱሪው ላይ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ሁለት መርፌ ቁልፍ ሰክቶ ሲገኝ «የሰው ልብስ ስሰፋ የራሴን መቼ ልስፋ?» ብሎ ተከራከረ። ጋጋሪው ሽርጡን፣ የፀጉር ቤቷ ባለቤት የውስጥ ማንገቻዋን (ይህንን ዛፍ ጀርባ ሄዳ)፣ ሌሎቹም እንደዚሁ። መምህሩ ማይኩን መልሰው ይዘው «ሃያ አራት! ሃያ አምስት! ሃያ ስድስት!» ይላሉ።

ሃያ ሰባተኛውን ማንም አላመጣም። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ሰብሳቢው ቱታውን በግራ እጁ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ሲመጣ ታየ። ለዚህ ሩጫ ብሎ ስድስት ኪሎ ቀንሶ ነበር፤ የቱታው ላስቲክ ግን አብሮት አልቀነሰም። መርፌ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ አሥራ አራቱ ሴቶች ዞሮ «ይቅርታ፣ እናቶቼ» አለ። ቱታውን እንደያዘ ሰገደ፤ በሁለት እጁ ሊሰግድ አይችልም ነበር።

«አንድ ቀረ!» አሉ መምህሩ።

ዳኛው አንገቱን ደፍቶ ደረቱን ተመለከተ። ባጁ የተያያዘችው በመርፌ ቁልፍ ነው። ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ነቀላትና ባጁን ኪሱ ከተተ። እልልታው ሳያልቅ ከሜዳው ወጥቶ ሊመለስ ቢል፣ የበሩ ጠባቂ «ባጅ የሌለው ዳኛ አላውቅም» ብሎ አሥር ደቂቃ አስቁሞታል።

ጸሐፊዋ የአክስቷን ቁጥር ራሷ ለጠፈችላት። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ስትቸኩል ጣቷን ወጋችና እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«ወጋሽኝ እንዴ?» አለች አክስቷ።

«አይ፣ ራሴን ነው።»

«ደብዳቤውን ምን አስደበቀሽ?»

«አፈርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አፍራለሁ። ግን ቀለል ብሎኛል።»

አክስቷ ቁጥሩን ወደ ታች ለማንበብ አገጯን አንገቷ ውስጥ ቀበረች። ሦስት መቶ ዘጠና አንድ፣ ተገልብጦ። በጣቷ አንድ በአንድ ነካችው፤ ልክ አንሶላ ላይ ቀለሙ መድረቁን እንደምታረጋግጠው። «ጥሩ ሆኖ ታትሟል» አለች።

ሩጫው በአራት ሰዓት ከአሥር ተጀመረ። እንደዚያ ያለ ሩጫ ታይቶ አይታወቅም፤ አንዱ ሱሪውን፣ አንዷ ማንገቻዋን፣ ሌላው መነጽሩን ይዞ፣ ግማሹ ሰው በአንድ እጁ ነው የሚሮጠው። አንደኛ የወጣው ፖስታ አመላላሹ ነው፤ ማንም አልገረመውም። ዳቦ ጋጋሪው ከደረቱ ላይ ክር እንደተንጠለጠለ ገባ። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑት ሴቶች አንድ በአንድ ገቡ፤ አንደኛዋ ከብዙ ወጣቶች ቀድማ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አክስቷና ሰብሳቢው። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በጉራ በርሮ፣ የቀረውን አራቱን ወገቡን ይዞ ነው የሄደው።

መምህሩ ታሪክ አልቆባቸው ዝም ብለው መንገዱን ያያሉ። ጸሐፊዋ ከመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ነጩ ካኔቴራ ታየ። አክስቷ እየሮጠች ነው፤ ሩጫ ከተባለ፤ ቀኝ እግሯ ይሮጣል፣ ግራው ይጎተታል። ከኋላዋ ሃያ እርምጃ ላይ ሰብሳቢው አለ፤ ሊቀድማት ቢሞክር ቱታው አይፈቅድም።

ጸሐፊዋ ወደ እሷ ሮጠች። እጇን ዘርግታ ክንዷን ልትይዝ ስትል አክስቷ ጮኸችባት።

«እንዳትነኪኝ!»

«አክስቴ፣ ትወድቂያለሽ!»

«የተደገፈ ይሰረዛል ብሏል ዳኛው! እንዳትነኪኝ አልኩሽ!»

ዳኛው ባጁን ኪሱ እንደያዘ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀ። ሕጉ እንደዚያ ነው። ጸሐፊዋ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆለፈችና፣ በቢሮ ጫማዋ፣ ጃኬቷ ወገቧ ላይ እየተርገበገበ፣ ጎን ለጎን መሮጥ ጀመረች። መንገዱ ዳርና ዳር ላይ ሰው ተሰልፏል። ሱሪ የያዘውም፣ ጫማ የያዘችውም በአንድ እጃቸው ማጨብጨብ አልሆንላቸው ብሎ ይጮኻሉ።

መቶ ሜትር ሲቀር የአክስቷ ጉልበት ከዳት። ወደ ግራ አዘነበለች። ጸሐፊዋ ጣቶቿን ፈታ እጇን ሰደደች፤ ካኔቴራውን ሊነካ የአንድ ጣት ያህል ሲቀረው አቆመችው። አክስቷ ባየር ላይ ያለውን እጅ አየችው፤ ከዚያ ራሷን አቀናችና ቀጠለች። ጸሐፊዋ እያለቀሰች ነበር፤ ልጅ ሆና ስትወድቅ ሰው ሁሉ ሊያነሳት ሲሮጥ፣ ይህችው ሴት ነበረች ቆማ «ራስሽ ተነሽ» የምትላት። ያን ጊዜ ጭካኔ ይመስላት ነበር።

አሥር እርምጃ። አምስት። አክስቷ ቀኝ እግሯን መስመሩ ላይ አሳረፈች፣ ቀጥሎ ግራውን ጎትታ አሻገረችው። ዳኛው ሰዓቱን ተመለከተና ጮክ ብሎ «ሦስት መቶ ዘጠና አንድ! አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ!» አለ፤ ጻፈውም።

አክስቷ እስኪጽፍ ድረስ እስክሪብቶውን በዓይኗ ተከታተለች። ከዚያ ወደ እህቷ ልጅ ዞረች።

«አሁን ያዢኝ» አለች።